የስምንተኛው ቀን ለቅሶ ደራሽ

መካነ ሰላም
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሙእሚን፣ ደሴ

የኔ ዓይን፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስልኩ አልሠራ ስላለ ይችን ወረቀት በሹፌሩ በረመዳን እጅ ልኬልሃለሁ። የመሠረተ ትምህርት ፊደል ነውና ጎባጣውን ታግሠህ አንብበው።

አባትህን ቀብረን ስትሄድ፣ «እማዬ፣ አንድ ዘለላ እንባ እንኳ አላፈሰስሽም። ብቻሽን ደርቀሽ ልትቀሪ ነው፤ የአራት ወር ከአስር ቀን የሐዘን ዒዳሽ ሲያልቅ መኪና ይዤ መጥቼ እወስድሻለሁ» አልከኝ። አሁን ምክንያቱን ልንገርህ፤ እንዳትስቅብኝ።

ሐረግ ናት። ከጎረቤታችን ከሐረግ ጋር በባሕር ዛፋችን የተነሳ ሰባት ዓመት እንደተኳረፍን ታውቃለህ። «ጥላው ሽንኩርቴን ጨረሰው፤ ቁረጡልኝ» አለች። እኔ ደግሞ፣ «ፀሐይን እኔ አልፈጠርኳት!» አልኳት። አባትህ ሰዲቅ፣ ጀነት ይስጠውና፣ «ተይ ቀመር፣ እንቁረጠው» ቢለኝ እሱንም ሳምንት አኮረፍኩት።

የቅሬያችን፣ የዕድራችን፣ ደንብ ነውና፣ እስላም ሆነ ክርስቲያን፣ ጎረቤት ሐዘንተኛን ሰባት ቀን ያስተዛዝናል። ሐረግም መጣች። ንፍሮዋን አስቀምጣ፣ «ነፍስ ይማር» ብላ ፊት ለፊቴ ቁጭ! ሰባቱንም ቀን እንዲሁ። እኔም እሷ ፊትማ አላለቅስም ብዬ እንባዬን ዋጥኩት። የሰው አገር ሰው እንኳ የሚያለቅስለትን አባትህን በእልህ ሳላለቅስለት ቀረሁ፣ ልጄ።

ሐሙስ ቅሬው ድንኳኑን አነሳ፤ ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ትናንት ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ብከፍት ሐረግ!

«ሰባቱ ቀን አልቆ የለም እንዴ?» አልኳት።

«አልቋል» አለችና የለመደችው ቦታ ላይ ተቀመጠች። የያዘችውን ንፍሮ ፊቴ አስቀምጣ፣ «ሰዲቅ እኮ አንቺ ሳታይ ሁልጊዜ ሰላም ይለኝ ነበር» አለች። ቀጥላ፣ «ለመሆኑ ቁርስ በልተሻል?»

ይኼኔ የዋጥኩት ሁሉ ገነፈለ። ወላሂ፣ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እሷም አብራኝ አለቀሰች። ከዚያ ንፍሮውን በላን።

ዛሬም መጥታ ነበር። ነገ መጥታ በሬ ተዘግቶ ብታገኘው ምን ትላለች? ደሴ አልገባም፣ ሙእሚኔ።

ዒዳዬ ሲያልቅ ግን ና። መኪናውን ተወው። የአባትህ መጥረቢያ ዶልዱሟልና፣ ስለታም መጥረቢያ ይዘህ ና።

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፤ ደጅህን ሰው አያሳጣው።

እናትህ ቀመር