ያልበላሁት ማንጎ

የካቲት 3
የዘጠነኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። የአርባ ምንጭ ሙቀት አይጣል! እርግዝናዬ አሥራ ስምንተኛ ሳምንቱን ያዘ... የፊተኞቹ ሁለቱ እዚህ አልደረሱም። ለሰው አልተናገርኩም፤ ሆዴ ግን አሳበቀብኝ።

የካቲት 9
አማቴ እማማ ልክነሽ ከገጠር፣ ከጫኖ ሙዝ ይዘው መጡ። ሆዴን አዩ፣ ፊታቸው ጠቆረ።
«ልጄ፣ ሁለቱ ዝም ብለው አልሄዱም። ጎሜ ነው። የነካሽው ነገር አለ። ካልተናገርሽው ይሄም አይጸናም።»
ጎሜ! የአገሩን ደንብ ያፈረሰች ልጅ አይወጣላትም ነው ነገሩ። ለእኔ ለባዮሎጂ አስተማሪዋ! ሳቄ መጣ። ክፍል ገብቼ ግን ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

የካቲት 14
ደም አየሁ። ትንሽ ነው። ሐኪሙ «ልቡ ይመታል፣ እረፊ» አለኝ። ባሌ ሀብቴ ለእናቱ ደወለ። ምን አስደወለው?

የካቲት 17
ጫኖ ወሰዱኝ። የሀብቴ ትልቅ አጎት አባባ ዳልጮ፣ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። «ተናገሪ።» ምን ልናገር? ሰው አልገደልኩ! ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። በቃ፣ ፈጠርኩ።
«አምና ደንቡን ጥሼ፣ ታላቁ እርስዎ ሳይቀምሱ የመጀመሪያውን ማንጎ በላሁ።»
ጉድ እኮ ነው፣ አመኑኝ! እርጥብ ሣር ይዘው መረቁኝ። እማማ ልክነሽ አቅፈውኝ አለቀሱ። ሀብቴ ባጃጅ ውስጥ እጄን አልለቀቀም።

የካቲት 24
ደሙ ከቆመ ሳምንት ሆነው። ዛሬ ደግሞ ተንቀሳቀሰ! ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ... ተማሪ ፊት ብቻዬን ሳቅኩ።

መጋቢት 5
ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል። ተኝቶ ይሆን? ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣሁ፣ በጎኔ ተጋደምኩ። ዝም።

መጋቢት 6
ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኔ አላዞረውም።

መጋቢት 19
ወንድ ነበር። ሐኪሙ «ያንቺ ጥፋት አይደለም» አለኝ፣ ሁለት ጊዜ።
እማማ ልክነሽ ግን «ሳትናገሪ ያስቀረሽው ነገር አለ?» አሉኝ። የለም አልኩ። መዋሸቴን ከእኔ በቀር ማን ያውቃል? በውሸት ኑዛዜ ምርቃት ተቀበልኩ... እሱ ይሆን የገደለው? ምነው ምላሴን በቆረጠው!
ይሄን የምጽፈው እኔ ነኝ?

መጋቢት 23
ሀብቴ «ተይ፣ ራስሽን መውቀሱ ይብቃሽ» እያለ ለምኖኝ ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት ቀርቼ ብቻዬን ጫኖ ሄድኩ። አባባ ዳልጮ ሙዛቸውን ውኃ ሲያጠጡ ደረስኩ። እግራቸው ሥር ተቀመጥኩ።
«ልናገር መጣሁ፣ አባባ።»
«ምኑን ልጄ?»
ማንጎውን እንዳልበላሁ ነግሬ፣ የነካሁትን ሁሉ ከልጅነቴ ጀመርኩላቸው።