ሦስቱን የሣር ማጨጃ ሞተሮች ማን እንደሚወርስ

ይህ ቃል ለባለቤቴ ለወይዘሮ ፀዳለ፣ ለልጆቼ ለጌታነህና ለልክነሽ፣ እንዲሁም ለአራቱ ምስክሮቼ የተነገረ ነው፤ ዝም ብዬ ብሞት ከቀብሬ በፊት ቆራሌው ደጄ እንደሚደርስ አውቃለሁና። እኔ ሸዋንዳኝ ካሱ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 2009 ዓ.ም. አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚገኘው ቤቴ፣ ሰውነቴ ቢደክምም ልቡናዬ ሳይናወጥ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ተናዝዣለሁ። ልቡናዬን የሚጠራጠር ቢኖር ዳዊቱን ይክፈትና ከወደደው መዝሙር ይጠይቀኝ።

ቤቱ የፀዳለ ነው። የቤንዚን ሽታ ከልብሴ ስታጥብ አርባ ዓመት ኖራለች፤ ካሳው ያንሳታል።

ገረሴ ያለው የእርሻ ይዞታዬ ለጌታነህ ይሁን። መሬትን ቆራሌ በጋሪ ጭኖ አይሄድም።

ጌታነህ ሁለት ሞተሮቼን «አባባ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው» ብሎ በሸጠ ጊዜ ከቤቴ አስወጥቼው ነበር። ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መጡ። በጋሞ ምድር ያንን ሣር የሚገፋ የለም፤ ዕድሜውን ሣር ሲያጭድ የኖረን ሰው በሣር መለመንም በሚገባ የታሰበበት ነው። ታርቄዋለሁ። ዕርቅ ግን ውርስ አይደለም።

የቀሩት ሦስት ሞተሮች፣ የካንዴላ መፍቻውና የምሠራበት ክፍል የልክነሽ ናቸው። ጌታነህ «ሴት ልጅ ሞተር ምን ያደርግላታል?» ይላል። የማስነሻ ገመዱን ሁለቴ ስቦ ወገቡን የሚይዝ ጎልማሳ እንዲህ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ምክንያቴን ልናገር። በ2004 ዓ.ም. ከአንድ ሎጅ ለጥገና የመጣ ቀይ ሞተር አልነሣ አለኝ። ሦስት ቀን ገመድ ሳብሁ፤ ካንዴላ ቀየርሁ፤ በመጨረሻም «ሞቷል» ብዬ ፈረድሁ። ልክነሽ ጎንበስ ብላ ታንከሩን አሸተተችና «አባባ፣ ቤንዚኑ የአምና ነው» አለችኝ። ደፋችው፣ ካርቡራተሩን አጠበች፣ አዲስ ቤንዚን ሞላች፤ ገመዱን ሁለተኛ ስትስብ ተነሣ። የሎጁ ባለቤት ደርሶ «የጋሽ ሸዋንዳኝ እጅ ሙት ያስነሣል» ሲል፣ እኔ ለትሕትና የማላንስ ሰው አንገቴን ደፍቼ ምስጋናውን ተቀበልሁ። በከተማው ያለኝ ስም የቆመው በዚያ ሞተር ላይ ነው። ዛሬ ስሙን በምስክር ፊት ለእውነተኛ ባለቤቱ ለልክነሽ መልሻለሁ።

ምስክሮቼ ኦይታ፣ ኤርጫፎ፣ አስቴርና አበቡ ይህ ሲነበብ ሰምተው ፈርመዋል፤ እኔም ፈርሜያለሁ። ከፊርማዬ ሥር ግን፣ ያን ዕለት ባለ ሎጁ እንደሄደ ልጄ እጇን እየታጠበች የጠየቀችኝ ጥያቄ ይጻፍልኝ፦ «አባባ፣ በሐሰት አትመስክር የሚለው ስንተኛው ትእዛዝ ነበር?»