«ልቀቂው» ሲባል

እሑድ ከሰዓት፣ ሚያዝያ አጋማሽ

ይድረስ ዛሬ እንኳ ለማይቆጣው አባዬ፣

ይህን መርዶ ተቀምጠህ እንድታነብ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። መሪ ይዘህ ከሆነ ዳር አቁም። በዛሬው ዕለት ረፋዱ ላይ አንዲት ልጅህ በድንገት ከዚህ ምድር ተለይታለች። እማዬ ደረቷን አልመታችም፤ ጎረቤትም አልተሰበሰበም፤ ምክንያቱም ሟቿ ለምሳ ተመልሳ የወንድሟን ድርሻ ጭምር በልታለች።

ተለየች ያልኩህ ግን እውነቴን ነው። በአውሮፕላን።

ትንፋሽህን ሰብሰብ አድርግና ከመጀመሪያው ልንገርህ። እማዬ ጽዳት የምትሠራበት የበረራ ክበብ ስመላለስ ትንንሾቹን አውሮፕላኖች በጨርቅ መወልወል ጀመርኩ። ከመወልወል መጠየቅ፣ ከመጠየቅ መለማመን መጣ። በእኔ ዕድሜ ብቻን መብረር አይፈቀድም፤ ከአስተማሪ ጎን ተቀምጦ መማር ግን ይቻላል። መጀመሪያ ሐኪም ዓይኔንና ጆሮዬን መረመረኝ። «ጆሮሽ ደህና ነው፤ የማትሰሚው አውቀሽ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ክፍል ገባን፤ ካርታ፣ ደመና፣ የንፋስ ስሌት። ሒሳብ ሲመጣ ሽንት ቤት ትደበቅ የነበረችው፣ ትምህርቷን ከመንገድ የተወችው ልጅህ ናት እንግዲህ፤ አሁን ስሌቱን ከራት በኋላ ሳይነገራት ትሠራለች።

አስተማሪዬ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ቃል እንደ ነዳጅ ያልቅብኛል ብለው የሚፈሩ ይመስል የሚያወሩት በአንድ በአንድ ቃል ነው። «ግራ።» «ቀና።» «በቃ።» ስለዚህ ጋሼ ቁጥብ አልኳቸው። ፊት ለፊታቸው አይደለም፤ ያን ያህል አላበድኩም።

ዛሬ አየር ላይ ሆነን ለመጀመሪያ ጊዜ መሪውን ሰጡኝ። ዞርኩ፣ ቀና አልኩ፣ አልተሰደብኩም። ከዚያ ለማረፍ ወረድን። አስፋልቱ እየሰፋ፣ መሬቱ ወደ እኛ የሚሮጥ እየመሰለ መጣ። ልንነካው ትንሽ ሲቀረን ጋሼ ቁጥብ፦

«ልቀቂው!» አሉ።

እሳቸው «መሪውን ተይው፣ እኔ ላሳርፈው» ማለታቸው ነበር። አንተስ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ አባቴ፣ ሜዳው ላይ መንዳት ስታስተምረኝ «ልቀቂው!» ስትል ምን ማለትህ ነበር? ነዳጁን ርገጪው! ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥጉ ገፋሁት።

ሞተሩ አገሳ። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ወደ ላይ ተቀሰረ። አስፋልቱ ከፊታችን ጠፋና ሰማይ ብቻ ቀረ። ወዲያው አንድ ጥሩንባ ማልቀስ ጀመረ። ፍጥነቱ አንሶ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ሊያቅተው ሲል የሚያስጠነቅቅ ነው። ክፍል ውስጥ ያሰሙን ዕለት «የታነቀ ፍየል» ብዬ አብረውኝ የሚማሩትን ልጆች አስቄ ነበር። ዛሬ የሳቀ የለም። እጄ መሪው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ልቀቂ አልኩሽ!»

«ለቀቅኩት እኮ ጋሼ! ከዚህ በላይ አይሄድም!»

ያኔ ገባቸው መሰለኝ። ጣቶቼን ከመሪው ፈልቅቀው አፍንጫውን ዝቅ አደረጉት። ጥሩንባው ዝም አለ። የዛፎቹ ጫፍ ከሥራችን አለፈ። ዞረን ተመለስንና ራሳቸው አሳረፉት። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቀበቶዬን መፍታት አቃተኝ። እሳቸው ፈቱልኝ።

«መንዳት ማን አስተማረሽ?»

«አባቴ።»

«ያስታውቃል።»

ቀጥለው የሕይወታቸውን ረጅሙን ንግግር አደረጉ፦ «ካሁን በኋላ ‹ልቀቂ› የሚባል የለም። እኔ ‹የኔ› ስል፣ አንቺ ‹የርስዎ› ብለሽ እጅሽን ከመሪው ታነሺያለሽ።» ከዚያ ትኩር ብለው አዩኝ። «አባትሽ መብረርሽን ያውቃል?»

«ያውቃል፣ ኩራቱን አልቻልነውም» የሚለው ቀልድ ምላሴ ላይ ነበር። አልወጣም።

«አያውቅም» አልኩ።

«ይወቅ። ከሱ ‹እሺ› ሳይመጣ አትነሺም።»

እማዬም «ራስሽ ንገሪው፤ እኔ የለሁበትም» አለች። አንተ ያለህበት ኔትወርክ ስለሌለ ወደዚያ ጭነት ይዞ በሚሄደው ጓደኛህ እጅ ልኬልሃለሁ። መልሱንም በእሱ እጅ ስጠው። አደራህን «እናያለን» አትበለኝ፤ ባንተ ቋንቋ «እናያለን» እምቢ ማለት መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። እምቢም ካልክ በግልጽ በለኝ፤ አውሮፕላን መወልወሌን ትቼ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። ግን ቀልዴን አይደለም፤ ሳልጠራ የሄድኩበት፣ ሳልባረር የቆየሁበት ትምህርት ይኸ ብቻ ነው።

ደግሞ ጠይቀኝ እንጂ፦ ያን ሁሉ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ትቼ ለምን ያንተን ድምፅ ሰማሁ? እኔም አላውቅም። ቤት ውስጥ ከተሰማ ቆይቷል እኮ።

መንገዱ ቀና ይሁንልህ፤ ጎማህን ከሚስማር፣ ዓይንህን ከእንቅልፍ ይጠብቅልህ። እማዬ ካልሲ ልካለች፤ አንዱን ጥንድ እኔ ነኝ የመረጥኩት፣ ቀለሙን አይተህ ታውቃለህ።

እውነቱን ከፈለግክ ነገሩ ተራ ነው። ማረፍ ትቶ እንደገና መነሳት ተማሪ ሁሉ የሚለማመደው ነው ይላሉ ጋሼ ቁጥብ፤ እኔ ሳልታዘዝ አስቀደምኩት እንጂ። ጥሩንባውም ያለቀሰው አንድ ሰው እስኪያስነጥስ ነው። እንዲህ ያገዘፍኩት፣ ትንሽ ነገር ነው ብዬ ብጽፍልህ መልስህ ይዘገያል ብዬ ነው።

አስቸጋሪዋ ልጅህ