ያልተረጨችው ዛፍ

ላንግክሎፍ፣ ኦገስት 14 ቀን 2011

ውድ ባለቤቴ ካሊ፣

የባሕሩ ብርድ እንዴት አደረገህ? ካፖርትህን ጥለህ መሄድህ ዛሬም ያናድደኛል። እኔ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፤ ሲመሽ ግን ቤቱ ይሰፋብኛል።

ትናንት የፖም ሣጥኖቻችን ከማቀዝቀዣው መጋዘን ወጡ። አምና ያዋረደንን አትረሳውም፤ ስንለቅመው ሙሽራ የመሰለው ፖም ከመጋዘን ሲወጣ ቆዳው ሥር ቡናማ ነቁጥ ሞልቶት ነበር። ጎረቤታችን ኦም ፋንስ በሰው ፊት፣ "ካሊ፣ ፖምህን ኩፍኝ ያዘው እንዴ?" አለህ። አንተም "ወሬው እስኪረሳ" ብለህ ወደ ሞሰል ቤይ ባሕር ዓሣ ልታጠምድ ወረድክ። ወሬው ከረመ፣ አንተም ከረምክ።

ዘንድሮ ነቁጡን የሚከላከለውን ካልሲየም የረጨሁት ራሴ ነኝ። "ቅጠሉ ከጠጣ ፍሬው ጠጣ ማለት ነው" ትል ነበር። አይደለም ካሊዬ፤ ቅጠል ፍሬን አያጎርስም። ፍሬው ራሱ መራስ አለበት፤ ገና ጨቅላ ሳለ ጀምሮ እስከ ለቀማ ድረስ፣ ደጋግሞ፣ ፀሐዩ ሳይከር በማለዳ። መሰላል ላይ ወጥቼ ፍሬውን ከላይም ከሥርም ሳረጥበው ኦም ፋንስ ከአጥር ማዶ፣

"ዲና፣ ዛፉን ክርስትና ልታነሺው ነው?" አለኝ።

"አዎ፤ የክርስትና አባት ጠፍቶ ነው፣ ና አንተ ሁን!" አልኩት።

በር ላይ ያለችውን ያንተን ዛፍ እንደ ልማዳችን ሳልረጭ ተውኳት። አንድ ዛፍ ካልተተወ የመድኃኒቱ ሥራ በምን ይታወቃል? ትናንት የእሷ ሣጥን ሲከፈት ነቁጥ በነቁጥ ሆኗል። የሌሎቹ ግን አንድ እንከን የለበትም፤ ሲገመጥ ድምፁ ከማዶ ይሰማል። ኦም ፋንስ ሁለት በልቶ፣ "ለካሊ ንገሪው፤ አፌን ዘግቻለሁ" አለ።

መጋዘኑ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ ዞር ብዬ ጎኔን አየሁ። አልነበርክም። ናፍቀኸኛል ካሊ፤ ሌላ የምለው የለኝም።

እንግዲህ የሳቀብህ ዝም ብሏል፣ ማፈሪያው አልቋል። አውቶቡሱ እንደ ድሮው ዓርብ ዓርብ በደጃችን ያልፋል። ካልመጣህ ግን፣ ያስቀረህ ፖሙ እንዳልነበር ያኔ አውቃለሁ።

ጌታ ማዕበሉን ያብርድልህ፤ መረብህም ባዶውን አይውጣ።

ካፖርትህን ልልክልህ ጠቅልዬው ነበር፤ መልሼ ፈታሁት። መጥተህ ልበሰው።

ያንተዋ ዲና