አባትህ ዝም ብሏል

ናዝሬት፣ ሰኔ 5 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለንዋይ ካሣ፣

በሰው አገር ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን በፖስታ ቤት አላኩትም፤ ወደ ሌኒንግራድ ለትምህርት በሚመጣው በጎረቤታችን በአብዱናሲር እጅ ነው የላክሁልህ።

ደብዳቤህን ለአባትህ ያነበብኩለት የፋሲካ ዕለት ነበር። ስንበላ አንጀት ሆርሞን የሚባል ነገር ወደ ደም እንደሚልክ፣ እሱም ኮሌስትሮል ያልከውን የደም ስብና የአንጎልን ደም ሥር ሳይነካ እንደማይቀር አስተማሪህ የሚመራመሩበትን ስነግረው ሳቀ።

«ስንት ዘመን ሥጋ ቤት ስሠራ ስንት አንጀት አጥቤያለሁ። ለጭንቅላት መልእክት ሲልክ አላየሁም» አለ።

«ልጅህ ጮማውን ተው ብሏል» ስለው፣ «ሁዳዴን ጾሜ የፈታሁት ለዚህ ነው» ብሎ ጎረሰ።

በሳምንቱ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ድምፁ ትልቅ ስለሆነ እንደ ልማዳቸው መፈክር አሰማ ብለው አስነሱት። ቃሉ ተኮላትፎ ወጣ። ደገመው፤ ያው ነው። ከንፈሩ ባንድ ወገን ተንሻፎ ፈገግ ያለ ይመስል ነበር። ከኋላ ሰው ሳቀ።

«በአብዮቱ ትቀልዳለህ?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ኧረ አሞት ነው» ብዬ ብነሳ፣ «አርፈሽ ተቀመጪ» አሉኝ። ይዘውት ሄዱ።

ሲለቁት ንግግሩ ተመልሶ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆራ መረመረውና እኔን ወደ ጥግ ወሰደኝ። «የአንጎል ደም ሥር ነው። ይህ አልፏል፤ የሚቀጥለው ግን ላያልፍ ይችላል።»

«እሱን ጻፍልኝና ለቀበሌ ላሳይ» አልኩት።

«እነሱ ቀልድ ነው ካሉ በኋላ እኔ በሽታ ነው ብዬ አልጽፍም፣ እማማ። ልጆች አሉኝ።»

በግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት፣ አባትህ ሥጋ ቤቱን ሊከፍት ሲል ቁልፉ ከቀኝ እጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ሊያነሳው አልቻለም። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም።

መቅረት ስለማይቻል እሑድ ደግፌ ወደ ስብሰባው ወሰድኩት። ሊቀመንበሩ ወደ አባትህ እያመለከተ፣ «ጓድ ካሣ ታርሟል፤ እንደ እሱ አዳምጡ» አለ። ተጨበጨበለት። ዙሪያዬን ባይ ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። ከዚህ ሁሉ ዝምታ የእሱን ማን ይለየዋል? እኔም አልተናገርኩም።

አስተማሪህ መድኃኒት አግኝተው እንደሆነ ጠይቅልኝ። አንተ ግን ትምህርትህን ጥለህ እንዳትመጣ።

አሁን አባትህ አጠገቤ ነው። «ለንዋይ ምን ልበልልህ?» ስለው በግራ እጁ እጄን አጥብቆ ያዘ፤ አልለቅ አለኝ። ሰላም ማለቱ ይሁን፣ ይምጣልኝ ማለቱ ይሁን አላወቅሁም። እኔ ሰላም ብሎሃል ብዬ ጽፌያለሁ።

ቅዱስ ገብርኤል በሄድክበት ይከተልህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ።

እናትህ ወለተሥላሴ