«ባለቤትሽ ማነው?» ላሉን የአዳራሽ ኃላፊ

ለተከበሩ የሕዝብ አዳራሹ ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደተቀመጡበት ወንበር የጸና፣ ደጅዎም እንደኛ ካለ ባለጉዳይ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ልብስ ሰፊዋ፣ የዚያች ዘፋኝ ልጅ አክስት፣ ይህን በሰው ሁሉ ፊት የምጽፍልዎት ያፈርኩትም በሰው ፊት ስለነበረ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። የእህቴ ልጅ ዘፈኖቿን በስልክ ከሚሰሙላት ሰዎች ጋር አንድ ምሽት ፊት ለፊት ለመገናኘት አዳራሹን ልትጠይቅ መጥታ፣ እርስዎ «ባለቤትሽ ማነው?» ሲሏት፣ ምላሴ አላስችል ብሎኝ «ኧረ ገና አላገባችም ጌታዬ! ደህና ሰው ካለ ግን አንጠላም» ያልኩት እኔ ነኝ። ለካ የጠየቁት ዘፈኑን የሚያሳትመውን ድርጅት ኖሯል። ቢሮው በሳቅ ሲፈርስ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ልጅቷ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። እርስዎም የሳቅ እንባዎን ጠርገው «ባለቤት የሌለው ዘፈን አድማጭም የለው» ብለው ማመልከቻዋን በአንድ ጣት ገፉልን። አንድ ጣትም ቢሆን ከሥራዎ ብዛት አንጻር ትልቅ ውለታ ነው።

ሁለተኛ፣ አድማጭ ስለማጣቷ። ልጅቷ የምትቀዳው እኔ ጓዳ፣ በጨርቅ ጥቅል መሃል ነው፤ ጨርቁ የውጭውን ጫጫታ ይውጣል፣ የስፌት መኪናዬን ግን አልቻለውም። ያንን ድምፅ ካንዱ ዘፈን ብታወጣው፣ አንድ የታክሲ ሹፌር «የስፌቱን ድምፅ መልሽልን፤ እናቴ ቤት ያለሁ ይመስለኝ ነበር» ብሎ ላከባት፤ መለሰችለት። እንዲህ ነበሩ፣ እሷና እነሱ። ከቢሮዎ ከተመለስን ወዲህ ግን ስልኳን ወዲያ ጥላ ቁልፍ ስትተክልልኝ ትውላለች፤ ማንጎራጎር እንኳ ቀረ። በእኔ ምላስ! ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴ ይቃጠላል።

ሦስተኛው ቅሬታ ሳይሆን ደስታ ነውና ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስልኳን አንስቼ የሆነውን ሁሉ፣ ከነሱቄ አድራሻ፣ ለሹፌሩ ብቻ የነገርኩ መስሎኝ ለአድማጮቿ ሁሉ ለፍልፌ ኖሯል። ቅዳሜ እነዚያ የሌሉ አድማጮች መጥተው ሱቄን ሞሉት፤ መቀመጫ ቢጠፋ ማስተኮሻ ጠረጴዛዬ ላይ ወጡ። ሹፌሩ «ባለቤቷ ማነው?» ብሎ ቢጮህ፣ «እኛ!» አሉ። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀችና «ባለቤቷስ እኔው ነኝ፤ እናንተ ቤተሰብ ናችሁ» ብላ ዘፈነች፤ እኔም መኪናዬን እየረገጥኩ አጀብኳት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እርስዎ አጥራችንን ባይነቀንቁልን ይህን ሁሉ ቤተሰብ ከየት እናገኘው ነበር?

ከታላቅ አክብሮትና አልለቅ ካለኝ ሐፍረት ጋር፣
ከአዳራሽዎ በምትጠብ፣ ከአዳራሽዎ ግን በሞላች ክፍል ያለሁት፣
ምላሰ ረጅሟ ልብስ ሰፊ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለቤትዎም ከመካከላችን ነበሩ፤ ግጥሙን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፣ ይህንንም እንድጽፍልዎት ፈቅደውልኛል። ባለቤትዎ ስል ሚስትዎን ማለቴ ነው። የእርስዎ የራስዎ ባለቤት ማን እንደሆነማ፣ በሰው ፊት ሲጠየቅ እንዴት እንደሚያሳፍር ስለማውቅ ትቼዋለሁ።