ሽማግሌ የተላከበት ጉልበት

ይድረስ ለምወድሽ የልጅ ልጄ ለሰሎሜ፣ መቀሌ።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ፣ አቧራውስ፣ የሰው አገር ምግቡስ እንዴት ይዞሻል? ተጫዋቾቹን የምታክሚበት የኳስ ክለባችሁስ እንዴት ነው? የነዚያ ጎረምሶች ጭን ዛሬም አልላላ እያለ እጅሽን ያደክምሻል ወይስ ፈርተውሽ ገና ሳትነኪያቸው ይድናሉ? አብራሽ የምትኖረው ጥሩአየሁስ ደህና ናት? አያትሽ ሸዋረገጥ “ከሁሉ በፊት ከስታ እንደሆነ ጠይቅልኝ” ስላለችኝ ይኸው ጠይቄያለሁ። ወፍረሽ ከሆነም አትደብቂ፣ ባል እንፈልግልሻለን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

“ደህና ነን” ያልኩት ደብዳቤ ያለሱ ስለማይጀመር ነው። አሁን ቁጭ በዪና አንብቢ። አትደንግጪ፣ ሰው አልሞተብንም። በስልክ ያልነገርኩሽ አንደኛ ስትደውዪ ወንድምሽ መሳይ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ድምፄን ታውቂዋለሽ፣ ገና “ሃሎ” ስል ታውቂብኝ ነበር። ልጄ፣ መሳይን ከፋሲካ በኋላ እንዳትጠብቂው። አሠልጣኛችሁን ለምነሽ ያስያዝሽለት የሙከራ ጊዜ ቀርቷል። ጉልበቱ እንደገና ተጎድቷል፤ አሁን ደግሞ የመጀመሪያው ዓይነት አይደለም።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። ጥቅምት ላይ ልምምድ ሜዳ ወድቆ ጉልበቱ እንደ ዳቦ ሲያብጥ፣ እኔ ጎረቤታችንን ወጌሻውን አባቦራን ጠርቼ ቅቤው ሲሞቅ ነበር የደወልሽው። “ማንም እንዳይነካው! በረዶ! በረዶ ያዙበት!” ብለሽ ስልኩን ልትሰብሪው ምንም አልቀረሽ። በረዶ ፍለጋ ሥጋ ቤት ብሄድ ባለ ሥጋ ቤቱ “ጋሼ ወልደሰማያት፣ በስተርጅና ውስኪ ጀመሩ እንዴ?” ብሎ ገበያተኛውን ሁሉ አሳቀብኝ። አባቦራም ቅቤውን ይዞ እንደ መጣ ተመለሰ። እብጠቱ ከጎደለ በኋላ አንቺ ጭኑንና ባቱን እንዲያሽለት ስትፈቅጂለት፣ “ጉልበቱን ትቶ ጭንና ባት ማሸት፣ ቤት ተጠርቶ በረንዳ ላይ መዋል ነው” ብሎ አጉረመረመ እንጂ ታዘዘሽ። የገና ጾም ነበርና ሸዋረገጥ “የቅቤው ሽታ ጾሜን አስፈታኝ” እያለች አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ ጓዳ ትገባ ነበር።

አንቺ ያዘዝሽውን ልጁ አንድም ቀን አላጎደለም። እግሩን ዘርግቶ ማንሳት፣ ይዞ መቆየት፣ ቀስ ብሎ ማውረድ። ሌላው አገር ብረት አስረው ነው የሚያነሱት አልሽን፤ እኛ ጥሬ ቡና በከረጢት ቋጥረን ቁርጭምጭሚቱ ላይ አሰርንለት። ሲበረታ ቡና እንጨምርበታለን፤ ሸዋረገጥ ደግሞ ለቤት ሲያልቅባት ከዚያው ትቀንሳለች፣ ስንዋቀስ እንውላለን። ለገና ያለ ማነከስ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ለጥምቀት የጅሬንን ዳገት በሶምሶማ ወጣው። ያን ጊዜ ያልሽኝን ዛሬም እሰማዋለሁ፤ “አባባ፣ ጭኑ ሲጠነክር ጉልበቱም የዳነ ይመስላችኋል። እንዳትታለሉ። ጅማቱ ገና ነው፣ እስከ ፋሲካ ኳስ እንዳይነካ።”

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ቡናው ተሽጦ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው የሚደረገው የቡና ከተሞች ዋንጫ ደረሰ። የሰፈራችን ቡድን ከሊሙ ገነት ጋር ለፍጻሜ አለፈ። አሠልጣኙ ፈየራ መሳይን እንዲጫወት ጠየቀው፤ “እህቴ አልፈቀደችም” አለው። ደግሞ ጠየቀው፤ እምቢ አለው። ከዚያ ፈየራ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽማግሌ ላከብን! ይህን ያህል ዓመት ስኖር ለጉልበት ሽማግሌ ሲላክ ገና ማየቴ ነው።

ከሰዓት በኋላ በራፌ ላይ ፀሐይ ስሞቅ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ሦስት ሆነው መጡ። ከፊት ማን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ራሱ አባቦራ። ግቡ ስላቸው ገቡ፣ ተቀመጡ ስላቸው ቆሙ። “ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ። “ለየትኛዋ ልጅ ነው የመጣችሁት? ሰሎሜ እንደሆነች መቀሌ ናት። ሸዋረገጥን ከሆነ ዛሬውኑ ውሰዷት፣ መመለስ ግን የለም” አልኳቸው። ሸዋረገጥ ከጓዳ “ምነው በወጣትነቴ በመጡ ኖሮ!” አለች። ሁሉም ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ግን አሁንም እንደቆሙ ናቸው።

አባቦራ ጉሮሮውን ጠረገና “ያ ወልደሰማያት፣ መሳይን ለአንድ ቀን ስጠን፣ ማሎ፣ እባክህ። ለግማሽ ጨዋታ ብቻ ነው። ጭኑን በዚህ እጄ አሽቼዋለሁ፤ ወላሂ እንደ ዋርካ ግንድ ጠንክሯል” አለ። እኔም “ጭን አሽተህ በጉልበት ላይ ትፈርዳለህ? ጉልበቱ የኔም አይደለም፣ የሰሎሜ ነው፤ ሂዱና መቀሌ በሯ ላይ ቁሙ” አልኩት። “እንግዲያው ውሃህንም አንቀምስም” አሉና ከዘራቸውን አነሱ። ቆርጬ ነበር፣ ልጄ። አኩርፈው ይውጡ ብዬ ከመንገዳቸው ዞር አልኩ።

ይህን ጊዜ መሳይ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለ። የሦስቱንም ጉልበት ተራ በተራ ስሞ “እሺ አባቶቼ፣ እጫወታለሁ። ተቀመጡ” አላቸው።

ከሄዱ በኋላ ከዘራዬን አነሳሁበት። “እኔ እምቢ ያልኩትን እሺ የምትል አንተ ማን ነህ?” ስለው ምን አለኝ መሰለሽ? “አባባ፣ እርስዎ ከሸዋ የመጡ ሰው ነዎት፤ እዚህ ከነዚህ ሰዎች በቀር ዘመድ የለዎትም። ሽማግሌ ከቤታችን አኩርፎ ከወጣ፣ ነገ ሬሳዎን ማን ይሸከምልኛል?” ሰሎሜ፣ ልጁ ጉልበቱን ለዋንጫ አይደለም የሰጠው። ለኔ ሬሳ ነው የሰጠው፤ ገና ላልሞትኩት። ለአንቺ ልነግርሽ ብደውል ስልክሽ አይሠራም፤ ለካ ከቡድናችሁ ጋር መንገድ ላይ ነበርሽ።

ከእረፍት በኋላ ገባ። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ለጥቂት ጊዜ የድሮው መሳይ ነበር፤ አንዱን ወዲህ ሸውዶ፣ ሌላውን ወዲያ ጥሎ ሲያልፍ ፍርሃቴን ረስቼ አጨበጨብኩ። ከዚያ ማንም ሳይነካው፣ ኳሷን ይዞ ሊዞር ሲል፣ እግሩ ሣሩ ላይ ተተክሎ ቀረ፣ አካሉ ብቻውን ዞረ። ጮኸ ብልሽ ይቀለኝ ነበር፤ አልጮኸም። ጉልበቱን በሁለት እጁ እንደያዘ እኔ ወደተቀመጥኩበት አየ። በልጅነቱ ብርጭቆ ሲሰብር የሚያየኝን አስተያየት ታስታውሺዋለሽ? እንደዚያ አየኝ። አባቦራ የቅቤ ቆርቆሮውን ይዞ ሮጦ ገባ። ጉልበቱን በጣቱ ዳሰስ አደረገና ቆርቆሮውን ሳይከፍት ሣሩ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። “ማል ጎና” ብቻ አለ፤ ምን እናድርግ።

ዋንጫውን ሰፈራችን በላ። ፈየራና ልጆቹ እየዘፈኑ፣ መሳይን ደስ እንዲለው ብለው ቤት ድረስ አመጡለት። ሸዋረገጥ እንደምታውቂያት እንግዳ አታስቀይምም፤ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሲወጡ ግን በነጠላዋ ሸፈነችውና ፊቷን አዞረች።

ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ አስቀምጦ እንደ ሰው አስረዳን። ያ የቆሰለው ጅማት አሁን ለሁለት ተበጥሷል፤ በአጥንቶቹ መሀል ያለው ትራስም ተቀዷል። “በደንብ ከሠራበት ቀጥ ብሎ ይራመዳል፤ ኳስ ግን እንደ ድሮው ብላችሁ አትጠብቁ” አለን። መሳይ አመስግኖ ወጣ። በባጃጅ ስንመለስ ሾፌሩ ስለ ዋንጫው ሲያወራ አብሮት እየሳቀ መጣ። ቤት ሲደርስ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይኸው እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው።

አሁን የከበደኝን ልንገርሽ። ስትደውዪለት የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ አልጋው ላይ ያስቀምጠውና “እየሠራሁ ነው፣ ስሚኝ” ብሎ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” እያለ ይቆጥርልሻል። አልጋው ሲንቋቋ ትሰሚያለሽ፣ ትንፋሽም ትሰሚያለሽ። ባለፈው “ጎበዝ መሳይ፣ ዛሬስ ትንፋሽህ በርትቷል!” አልሽው። ልጄ፣ ያ ትንፋሽ የኔ ነው። እሱ ተኝቶ ይቆጥራል፣ እኔ በግርጌው ጋደም ብዬ ያንን የቡና ከረጢት በእግሬ አነሳለሁ። “አባባ፣ እሷ እዚያ ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ፤ ትንሽ ያግዙኝ” ብሎ ቢለምነኝ ምን ልበለው? ሸዋረገጥ በሩ ላይ ቆማ ታየናለች። የሽማግሌ እግር ሽቅብ ሲንጠለጠል አይታ ትስቃለች ብዬ ዞር ስል፣ ታለቅሳለች። ይብስ ብሎ ያ የሚቆረጥመኝ ጉልበቴ ተሻለኝ፤ ዳገቱን ያለ ከዘራ እወጣለሁ። ሕክምናሽ ይሠራል፣ ሰሎሜ። የሠራው ግን በማያስፈልገው ጉልበት ነው።

የመሳይ ጭን ቀልጧል። ያ ሁላችንም የደከምንበት ጭን እንደ ልጅ ክንድ ቀጥኗል። ተነስና ሥራ ስለው “ለምን አባባ? ቤተ ክርስቲያን ለመሄድማ ይበቃኛል” ይለኛል። የሰማኒያ ዓመት ሰው ንግግር ነው ይህ፤ እኔ እንኳ እንዲህ ብዬ አላውቅም። አባቦራም ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን አይገባም። አጥሩ ጋ ቆሞ “ልጁ እንዴት አደረ?” ይልና መልስ ሳይሰማ ይሄዳል።

ስለዚህ ልጄ፣ እሱ ወደ አንቺ መምጣቱ ቀርቷልና ለፋሲካ አንቺ ነዪ። አትቆጪው፣ እጅሽን ብቻ ይዘሽ ነዪ። እግሩ የሚሮጥ ባይሆን የሚራመድ እንዲሆን የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። እኔ የማውቀው መቀለድ ነው፣ ቀልዴ ደግሞ እዚህ ላይ አላነሳው አለኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። አሠልጣኛችሁ “ወንድምሽ የት ቀረ?” ሲልሽ ጉልበቱ ተበጠሰ አትበዪው። የኳስ ሰው ወሬው ፈጣን ነው፤ አንዴ “ያ ሰባራው” ከተባለ ስሙ ሆኖ ይቀራል። “ክፉ አያት አለው፣ አልለቅም ብሎ ያዘው” በዪልኝ። ጃጅቷል፣ ግትር ነው፣ ልጁን አስሮ አስቀመጠው በዪ፤ የፈለግሽውን ጨምሪበት። መቀሌ ማን ያውቀኛል? ምነው እውነትም አልለቅም ብዬ በያዝኩት ኖሮ።

አያትሽ ሸዋረገጥ ዓይንሽን ትስማለች። እናትሽ ቆንጂት እሁድ እሁድ ከአጋሮ ከሥራዋ እየመጣች ከአልጋው ራስጌ ተቀምጣ ትውላለች፤ ሳሙልኝ ብላለች። አባቦራ ሰላም በልልኝ ለማለት አፍሮ ነው እንጂ ስምሽን ሳይጠራ አይሄድም። ለጥሩአየሁ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። መሳይ መጻፌን አያውቅም፤ ስለ እሱም እኔው ስሜሻለሁ።

አያትሽ ወልደሰማያት

ጅማ፣ ቦሳ አዲስ
የካቲት 21 ቀን 2002 ዓ.ም.